አውቶቡስ የማይገባበት ሰፈር

ባለፈው ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። የፓርቲ ቲሸርት የለበሰች አንዲት የሐበሻ ልጅ ላብ አጥምቋት ቆማለች። በተሰባበረ አማርኛ፣ በዚህ ሰፈር ምን እንደጎደለብን ጠየቀችኝ። ልጄ ከኋላዬ ነበረች። አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ወጣት ሳለሁ፣ ለመሀል ከተማ ቅርብ በሆነው ካርልተን እየኖርኩ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር። የምሄድበት ሁሉ በእግር ወይም በትራም ስለሆነ ከተማው እዚያው የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። የምደግፈው ፓርቲ በከተማው ዳር መራጭ አጥቶ መላ ሲፈልግ፣ እኔም አማርኛ ትችላለች ተብዬ ቤት ለቤት እንድዞር ተላክሁ። አለቃችን ማርክ ደግ ሰው ነበር፤ ችግሩ፣ ሰው ያለውን እንጂ ሊል የፈለገውን አይሰማም።

በጋ ነበር፤ የዚህ አገር በጋ፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ምድጃ የተከፈተ የሚያስመስለው። ያራቪል ከሚባለው ሰፈር አልፈን ብዙ ነዳን። ቤቱ ሁሉ አዲስ፣ ዛፉ ሁሉ ከእኔ ያጠረ። መንገዱ ላይ አንድም ሰው አልነበረም።

ከገባንባቸው ቤቶች አንዱ የብርሃኑና የእናቱ የእትዬ አስካለ ነበር። ድፎ ዳቦና ቀዝቃዛ ጁስ ቀረበልን። የማርክን ጥያቄ ተረጎምኩላቸው።

“ምን ይጎድለኛል! ልጄ ቤተ መንግሥት አስቀምጦኝ! እግዚአብሔር ይመስገን” አሉ፣ ልጃቸውን አየት አድርገው።

ማርክ ደስ አለው። ብርሃኑ ከእሱም በላይ ደስ ብሎት ጓሮውን ሊያሳየው ይዞት ወጣ። በሩ ሲዘጋ እትዬ አስካለ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

“መሀል ከተማው አጠገብ፣ ኮሊንግዉድ ፎቁ ላይ ስኖር፣ ትራም ይዤ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር። እዚህ አውቶቡስ የለ፣ ምን የለ። እሱ ሺፍት ሲገባ በሩን ቆልፌ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። ጓደኛዬ ሆስፒታል ገብታለች። ሳላያት እንዳታልፍብኝ!”

“ብርሃኑ እንዲያደርስዎ ለምን አይነግሩትም?”

“ሌሊት ሲሠራ አድሮ ቀን ልነዝንዘው? ቤቱን የገዛው እኮ ለእኔ ብሎ ነው። ሰዎችሽን አውቶቡስ አምጡ በያቸው። እሷ አለች እንዳትዪ ግን፣ በእመቤቴ!”

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለማርክ የአውቶቡስን ነገር አነሳሁ።

“ይህን ያለው ማን ነው? ወገኖችሽ ሁሉ ምንም አልጎደለንም አሉ’ኮ” አለኝ።

ብነግረው ብርሃኑ ጋ ደውሎ ያረጋግጣል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። “እኛ ልጃችን ፊት ጎደለኝ አንልም” ስለው ሳቀብኝ። እኔም ነገሩን ተውኩት።

ለዚያ ሰፈር የተበተነው ወረቀት፣ ጋራዥ ፊት የሚስቅ ቤተሰብ ፎቶ ያለበት፣ ስለ ታክስ ቅናሽ የሚያወራ ሆነ። ፓርቲው ተሸነፈ። ቢሮው ውስጥ “ምን ጎድሎባቸው ነው?” ተባባሉ። እትዬ አስካለን ዳግመኛ ያየኋቸው በጓደኛቸው ቀብር ላይ ነው። ብርሃኑ ከሥራ ቀርቶ አድርሷቸው ነበር።

ዛሬ እኔም ልጄ በገዛችው ቤት፣ ከዚያ ሰፈር እንኳ ወዲያ ርቄ እኖራለሁ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ መኪና አልነዳም፤ ፌርማታውም ለጉልበቴ ሩቅ ነው። ቀኑ አልመሽ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ እትዬ አስካለን የተረዳኋቸው ይመስለኝ ነበር።

ባለ ቲሸርቷ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ልጄ ትከሻዬን አቀፈችና “ቴል ኸር፣ ንገሪያት እንጂ፣ እማ” አለችኝ።

“ኧረ ምን ጎድሎን!” አልኩ። “እግዚአብሔር ይመስገን። ይልቅ ግቢና ውሃ ጠጪ።”