ጮማ የጠጣው በር

የልጅ ልጆቼ ትናንት መደርደሪያ ቫርኒሽ ሲቀቡ ዘይት የነካው ቦታ አልይዝ አላቸው። «አያቴ፣ ያንን የበሩን ነገር ንገሪን» አሉኝ። እኔ ወሬ ስጀምር መንገዴ ይረዝማል፤ ልጆቹ ግን ለምደውኛል።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ማርቆስን አግብቼ ቦዲቲ አጠገብ ከአባቱ ግቢ ገባሁ። የማርቆስ ልብ አናጢነት ላይ ነበር፤ ሶዶ ሄደን እንድንሠራ ይፈልጋል። አባቱ ደግሞ ከእርሻ ሌላ ሥራ አያውቁም። «የቤቴን በር ሥራልኝ» አሉት። «ካማረኝ ሂዱ። ካላማረኝ ሞፈሩ እዚያው አለልህ።»

ከዋንዛ ሠራው። ክረምቱን ሙሉ ሲልግ ግቢው የእርጥብ እንጨት ሽታ ሸተተ። ቫርኒሽ ብቻ ሲቀረው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ ደረሰ፤ ዳሞታ ተራራ ጉሙን አራገፈ፣ መንገዱም ጭቃው ጠጠረ። ዘመድ በሬ አርዶ የሚከፋፈለው እኛ ግቢ ነበር። ሥጋ የሚዘረጋበት ሰፊ ሳንቃ ነበረን፤ የዚያን ዕለት ጠፋ። አባቱ «የልጁን በር አምጡ» አሉ። ኮባ አነጠፉበት፤ ኮባው ተቀደደና ጮማው እንጨቱ ውስጥ ገባ። እኔ ጥሬ ሥጋዬን በዳጣ እያጠቀስኩ «ሆን ብለው ነው» አልኩ በሆዴ። ሥጋው ግን ይጣፍጥ ነበር፣ አልዋሽም።

በዓሉ ሲያልፍ ማርቆስ በላምባ አሸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ቫርኒሹን ጫፍ ላይ ቢሞክረው ከቅባቱ ላይ እየሸሸ ተሰበሰበ። «በቃ፣ ሞፈሬን ላንሳ» አለ።

እናቴ ነጠላዋን ቅቤ ሲነካው ደረቅ የእንሰት ቡላ ትነሰንስበት ነበር። እኔም ቡላ አድርቄ፣ ወቅጬ፣ በሩ ላይ በተንኩት። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ደረብኩና የከሰል ካውያ አሳረፍኩበት።

የማርቆስ እናት አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ በሩ ጾም ሊፈታ ነው?»

«ተርቧል፣ እማማ።»

«እንግዲያ ወጥም ጨምሪለት።»

ቡላው ስቡን እየጠጣ ቢጫ ሆነ። ጠርገን ሌላ በተንን፤ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ደጋገምነው። ማርቆስ እንደገና ፈትጎ ቫርኒሹን ቀባ። ያዘ። ዋንዛው እንደ ማር አበራ።

አባቱ መጡ። መዳፋቸውን ከላይ እስከ ታች አሄዱት፣ ጠጋ ብለው አሸተቱት፣ ከፍተው ዘጉት።

«ስትሄዱ የእንሰት ችግኝ ያዙ» አሉ። «ከተማ ውስጥ የሚበላ የለም።»

ይኸው ሶዶ ቀረን። ያ እንሰት ዘር በዘር ሆኖ ዛሬም ጓሮዬ አለ፤ ትናንት ለመደርደሪያው የበተንነው ቡላ ከእሱ የወጣ ነው። በአባቱ ላይ ግን ቂሜን ብዙ ዓመት ይዤ ኖርኩ። ካረፉ በኋላ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ የማርቆስ እናት በሩን እያዩ ሳቅ አሉ።

«ያን ጊዜ ሳንቃውን እንሰቱ ውስጥ የደበቀው አባታችሁ ነው» አሉኝ። «ዘመድ ሁሉ የልጁን በር ከቦ ቆሞ እንዲያይለት።»