የኤርሲሊያ በርሜል

ኤርሲሊያ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ቤቷ ከሮካ ቬንቶሳ የአውቶቡስ ማቆሚያ ፊት ለፊት ስለሆነ መንደሩን ለቅቆ የሄደውን ሁሉ ከበሯ ላይ ቆማ ሸኝታለች፤ እህቶቿን፣ ቤልጅየም የቀረውን የበኩር ልጇን፣ በመጨረሻም ባሕሩ ጠረፍ ላይ ቴርሞሊ ከተማ የገባውን ጌራርዶን። በእግሯ ተከትላ የሸኘችው ባሏን ብቻ ነው፤ እሱም ከመንደሩ አልወጣም።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የዓመቱን የቲማቲም ድልህ ታዘጋጃለች። ድሮ ስምንት ሆነው ነበር የሚሠሩት። ሰዎቹ እያነሱ ሄዱ፤ የምታዝዘው ቲማቲም ግን አላነሰም። ገበሬው ደውሎ ምን ያህል እንደምትፈልግ ሲጠይቃት «እንደ አምናው» ትለዋለች፤ እሱም እንደ አምናው አውርዶላት ይሄዳል። አምና ብቻዋን ሞከረችው። ስለ ደከማት፣ ድልሁ ታሽጎ በርሜል ውሃ ውስጥ በሚቀቀልባቸው ጠርሙሶች መካከል ጨርቅ መጠቅጠቁን ችላ አለችው። በርሜሉ ሲፈላ ጠርሙስ ከጠርሙስ ተላትሞ ግማሹ ተሰበረ፤ ስብርባሪውን ስታወጣ መዳፏን ቆረጣት። ጌራርዶ መጥቶ የታሰረ እጇን አየ።

ዘንድሮ በስልክ ቁርጡን ነገራት። «ቅዳሜ ማታ እመጣለሁ፣ እማዬ። ድልህሽን ጨርሰሽ ካገኘሁሽ የብርዱን ወራት እዚያው ክረሚ፤ አልናገርሽም። ቲማቲሙ ግቢ ውስጥ ሲበሰብስ ካገኘሁት ግን ቤቱን ዘግተን በዚያው ወደ እኔ ቤት እንሄዳለን።»

እሺ አለች። እሺ ስትል ሁለት የእህቷ ልጆች ሊያግዟት ቃል ገብተው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አንደኛዋ ልጄን አተኮሰው አለች፤ ሁለተኛዋ ስልክ አላነሳችም።

በዚያው ጠዋት ኤድዊዥ የምትባል ካሜሩናዊት የነርስነት ተማሪ ከካምፖባሶ ከተማ ተነሳች። አብረዋት የሚኖሩት ተማሪዎች ለእረፍት ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ ባዶ ቤት ከምውል ገጠሩን አይቼ ልመለስ ብላ ነው። ከመንደሩ በላይ ካለው ዳገት ላይ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ጥንት በጎች ከተራራ ወደ ቆላ ይነዱበት የነበረውን ሰፊ የሣር መንገድ ይዛ ቁልቁል ተጓዘች። ስንዴው ታጭዷል፤ ጭዱ እንደ ከበሮ ተጠቅልሎ በየማሳው ላይ ተቀምጧል። የሱፍ አበባው ጠቁሮ አንገቱን ደፍቷል። አንድ ውሻ ጥቂት መንገድ ከሸኛት በኋላ ሰለቸውና ተመለሰ። ቀትር ላይ ሮካ ቬንቶሳ ደርሳ ማቆሚያው ላይ ቆመች።

የኤርሲሊያ ጎረቤት ኮሲሞ የግቢው አጥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጆቹ በቁርጥማት ስለ ተኮማተሩ እሳት ከማንደድ ሌላ ሥራ አይሆንለትም።

«ምን እየጠበቅሽ ነው፣ ልጄ?»

«የሰባት ሰዓት ተኩሉን አውቶቡስ።»

«እሱማ ይመጣል» አለ ኮሲሞ። «መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት።»

ኤድዊዥ ሰሌዳውን አየችው። «ይኸው ተጽፏል እኮ።»

«ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ምልክትስ? ተማሪ ሲኖር ብቻ ማለት ናት።»

«ተማሪ ነኝ።»

«አንድ ተማሪ አይበቃውም።»

«ከእሱ በኋላስ መቼ አለ?»

«ሰኞ።»

ኤርሲሊያ ከግቢው ውስጥ ተጣራች። «ኮሲሞ፣ ልጅቷን አታስጨንቃት። ነይ ግቢ፣ ልጄ። ማታ ልጄ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ያደርስሻል።»

ዳቦ ላይ ቲማቲም አሽታ፣ ዘይት አፍስሳ ሰጠቻት። ኤድዊዥ እየበላች ግቢውን ቃኘች። የቲማቲሙ ሳጥኖች እስከ መስኮቱ ተደርድረዋል፤ ከታችኞቹ ቀይ ውሃ እያንጠባጠበ ተርብ ወርሯቸዋል። ኤርሲሊያ ልጇ ያላትን ሳትደብቅ ነገረቻት። ልጅቷም ዳቦዋን ሳትጨርስ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ከየት ልጀምር፣ ሲኞራ?»

ኤርሲሊያ ሽርጥ ከሚስማሩ አወረደች፤ ልትሰጣት እጇን ከዘረጋች በኋላ ግን መለሰችው። ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። የወር አበባሽ ላይ አይደለሽም አይደል?»

ሮካ ቬንቶሳ ውስጥ በእነዚያ ቀኖች ሴት ቲማቲም አትነካም። ድልሁ ይኮመጥጣል፣ ቆርኪው ይነሳል ይባላል። ኤርሲሊያ ራሷ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ እያወቀ፣ በለሱ ዛፍ ሥር እጇን አጣምራ ውላለች። ከዚያ ወዲህ ሕጉን እሷም አልጣሰችም፣ ሌላም አላስጣሰችም።

«ነኝ» አለች ኤድዊዥ። «ሁለተኛ ቀኔ ነው። የእኔም አያት በነዚህ ቀኖች ማድቤት አታስገባኝም ነበር።»

«ታዲያ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እዋሻታለሁ።»

«እኔንስ ለምን አልዋሸሽኝም?»

«ዳቦዎት አፌ ውስጥ ነው።»

ኤርሲሊያ ሳጥኖቹን አየች። የተዘጋውን የጌራርዶን ክፍል መስኮት አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ኮሲሞ፣ ጆሮህ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።»

«ዛሬ አይሰማም።»

«ምን አልሽ?» አለ ኮሲሞ።

ሽርጡን ለልጅቷ ሰጠቻት።

አጠቡ፣ ሰነጠቁ፣ አፈሉ። ኤድዊዥ የእጅ መፍጫውን ስታዞር ኤርሲሊያ ልጣጩን እየሰበሰበች ለሁለተኛ ጊዜ መፍጫው ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ወፍራሙ ከልጣጩ ጋር ነው የሚቀረው። ባዶ የቢራ ጠርሙሶች ውስጥ አንዳንድ የበሶብላ ቅጠል ጣል እያደረጉ ሞሉ፤ በቆርኪ አሸጉ። በርሜሉ ውስጥ ሲደረድሩ አሮጊቷ የባሏን አሮጌ ሸሚዞች ቀዳድዳ በየመካከሉ ጠቀጠቀች። ልጅቷ ሥራው እስኪያልቅ አንዴ ብቻ ተቀመጠች፤ ወገቧን ስትይዝ ኤርሲሊያ አይታ የፈላ የካሞሚል ሻይ አመጣችላት፤ ስለ ምክንያቱ አንዳቸውም አልተናገሩም።

ጌራርዶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲደርስ ሳጥኖቹ ባዶ ነበሩ፤ በርሜሉ ይንተከተካል። እሳቱን ዞሮ አየው፤ የእናቱን መዳፎች ገልብጦ አየ።

«ከማን ጋር ሠራሽው?»

«ከዚች ልጅ ጋር። ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ አውቶቡሱ ጥሏት ነው።»

«ጠይቀሻታል?» አለ፤ የመንደሩ ልጅ ነውና።

«ጠይቄያታለሁ።»

ኮሲሞ ከእሳቱ ፍም ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«እንግዲህ ጨርሰሽ አገኘሁሽ፤ ቃሌ ቃል ነው» አለ ጌራርዶ። «ድልሁ ከተበላሸ ግን ሥራው አልተሠራም ማለት ነው። አንድ ቆርኪ ቢነሳ እመጣለሁ።»

ኤድዊዥን ጭኖ ሄደ። ኤርሲሊያ ጠርሙሶቹ እንደ ደንቡ በርሜሉ ውስጥ ቀዝቅዘው እንዲያድሩ ትታቸው ገባች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ምድር ቤት እየወረደች ቆርኪዎቹን በጣቷ ትዳስስ ነበር። ማንንም መጠየቅ አትችልም፤ ብትጠይቅ ያደረገችውን መናገር ሊኖርባት ነው። ብርዱ እንደ ገባ፣ ኅዳር ላይ፣ አንዱን ጠርሙስ አወጣች። አሸተተችው። ፓስታ ቀቅላ ኮሲሞን ጠራችው።

ኮሲሞ ሹካውን እንደ ያዘ ቆየ።

«ብላ እንጂ።»

«ያን ቀን ጆሮዬ ትንሽ ሰምቶ ነበር መሰለኝ።»

«እኔም እንደሰማ አውቃለሁ። ብላ።»

በላ። ዳቦ ቆርሶ ሳህኑን ጠረገና ገፋ አደረገላት። «ጨምሪበት።»

ማታ ጌራርዶ ደወለ። «ቆርኪው እንዴት ነው?»

«እንደታሸገ ነው። ለገና ከልጆችህ ጋር ና፤ ክፍልህን አናፍሼዋለሁ።»

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡሱ ተማሪዎቹን አራግፎ ሲዞር ኤርሲሊያ መንገዱን ተሻግራ በሩ ላይ ቆመች። በሸሚዝ ቅዳጅ አጥብቃ የጠቀለለቻቸውን ሁለት ጠርሙሶች ለሾፌሩ ሰጠችው።

«ካምፖባሶ ማቆሚያው ላይ ኤድዊዥ የምትባል ልጅ ትጠብቅሃለች፤ ደውዬላታለሁ። እንዳይላተሙ ለያይተህ አቁማቸው።»

«የእኔ ድርሻስ የታል?» አለ ሾፌሩ።

«አንተ መቼ ሠራህ?»