ለአባቴ የጻፍኩት ግለ ሂስ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ «መሬት ለአራሹ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስጮህ፣ የለበስኩትን ሹራብ የገዙልኝ አዋሳ አጠገብ ቡሹሎ ያለ መሬታቸውን በጭሰኛ የሚያሳርሱት አባቴ ነበሩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ያኮራኝ ነበር። በባለመሬት ላይ ከገዛ ልጁ በላይ ማን ይመስክር እል ነበር።

መሬቱ ከተወረሰ በኋላ አዋሳ ተመልሼ አስተማሪ ሆንኩ። አዲስ ከተማ በሚባለው የአዋሳ ሰፈር ባለው ቀበሌያችን ሐሙስ ሐሙስ የውይይት ክበብ ነበር። አንድ ሐሙስ ማንም ሳያስገድደኝ ተነስቼ ግለ ሂስ አደረግሁ፤ በጭሰኛ ላብ በልቼ እንዳደግሁ፣ በጭሰኛ ላብ እንደተማርኩ ተናገርኩ። አለቀስኩም። እውነቴን ነበር፤ ንግግሬ ማማሩም ግን አልጠፋኝም። ክበቡን የሚመራው ካድሬ በጣም ወደደው። በሚቀጥለው ሐሙስ ድገሚው ተባልኩ፤ ከዚያ ሌላ ቀበሌ፣ ከዚያ ፋብሪካ። ከሦስተኛው በኋላ እንባው እምቢ አለኝ።

ልተወው ብል የባለመሬት ልጅ ክበቡን ጥላ ወጣች ይባላል፤ ከዚያ የሚከተለውን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። በገዛ አፌ የገባሁበት ስለሆነ የምወቅሰው ሰው አልነበረኝም።

በመጨረሻ ካድሬው «አባትሽም ያድርጉ እንጂ፤ አንቺው አዘጋጂያቸው» አለኝ።

አባቴ አማርኛ ያነባሉ፤ መጻፉ ነው የሚቸግራቸው። ስለዚህ ጻፍኩላቸው።

«አባባ፣ እንዳለ ያንብቡት፤ ምንም አይጨምሩበት» ብዬ ለመንኳቸው።

«አንቺ ካልሽ» ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሐሙስ ዕለት ቆመው አነበቡ። ከፊት የተቀመጡት ከቡሹሎ የተጠሩ የድሮ ጭሰኞቻቸው ነበሩ። እስከ ገጹ አጋማሽ ደህና ሄዱ። «ልጄን በጭሰኛ ላብ አስተማርኩ፤ በዚህም እጸጸታለሁ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ላቡ እውነት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ። ይቅር በሉኝ» አሉ። «እሷን በማስተማሬ ግን አልጸጸትም።»

ከጭሰኞቹ መካከል አንድ አዛውንት ራሳቸውን በቀስታ ሲነቀንቁ አየሁ፤ ይቅር ያሏቸው መሰለኝ። ካድሬው ግን የሚያየው አባቴን ሳይሆን እኔን ነበር። ፈራሁ። እጄን አወጣሁ። የባለመሬት አስተሳሰብ አባቴን ገና እንዳልለቀቃቸው፣ ረጋ ብዬ፣ ነጥብ በነጥብ ዘርዝሬ ተቸኋቸው።

ስጨርስ ተጨበጨበልኝ። አባቴም ወረቀቱን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው አጨበጨቡልኝ።