ሁለት ስም ያላትን ልጅ ወደ አገሯ የመለሱት የኔታ ልሳነወርቅ

የኔታ ልሳነወርቅ ይርዳው ባለፈው ሳምንት ዐርፈዋል። ሕመማቸው አጭር ነበር። እሑድ አስቀድሰው ገቡ፤ ረቡዕ ማለዳ ትንፋሻቸው ተቋረጠ። ከጋይንትም፣ ከእስቴም፣ ከስማዳም የመጣ ሰው ቀበራቸው። ከቀባሪው ገሚሱ የዜማ ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ የቀረው እንደ እኔ በወረቀት ምክንያት ያወቃቸው ነው። ይህን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው፤ በተለይ ግን የእኔን ዓይነት ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ።

የኔታ ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው ከታፈነ በኋላ የድጓ ጉባኤያቸውን ለደቀ መዝሙራቸው አስረከቡና ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ መጻፍ ያዙ። መጀመሪያ የሚጽፉት የድንበርና የውርስ ነገር ነበር። ኋላ ከየቀበሌው ዓረብ አገር የሚሄደው ልጅ ሲበዛ ጽሑፋቸውም ባሕር ተሻገረ። ልጁ ፓስፖርቷን የተቀማችበት፣ ደመወዟን የተከለከለችበት፣ ባልሠራችው ወንጀል የታሰረችበት ወላጅ ሁሉ መሄጃው የኔታ ጠረጴዛ ሆነ። ከድሃ ዋጋ አይቀበሉም። ቁጡ ነበሩ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ራሳቸው አይወዱልኝም። የሚቆጡት ግን በባለጉዳዩ ላይ አልነበረም፤ «ነገ ተመለስ» በሚለው ሰው ላይ ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። የወረዳው የነዋሪዎች መዝገብ ሠራተኛ ነኝ።

የጥሩሰውን ነገር ልንገራችሁ።

አባቷ አቶ ዓለምነው ገብስ አራሽ ናቸው፤ ወደ እኛ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር ይሄዳሉ። ደላላ ጥሩሰውን ዓረብ አገር ሲወስዳት ገና ልጅ ነበረች። ዕድሜዋን ጨምሮ፣ ስሟንም ለውጦ፣ «ሰላም» ብሎ ፓስፖርት አወጣላት። ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ሠራች፤ የመጨረሻውን ሁለት ዓመት ደመወዝ አላየችም። «አገሬ ልግባ» ስትል እመቤቲቱ ፓስፖርቷን ቆለፈችባት። ጥሩሰው በሩ ክፍት የሆነ ዕለት ወጥታ ሄደች። እመቤቲቱ «ጠፍታብኛለች» ብላ ለፖሊስ አመለከተች። በዚያ አገር ይህ ያሳስራል፤ ታሰረች።

ከእስር ቤት በሰው ስልክ ለአባቷ ደወለች። ቆንስላው የጉዞ ወረቀት የሚሰጣት ከትውልድ ቦታዋ ማንነቷ ተረጋግጦ ሲላክ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። አቶ ዓለምነው ወደ እኔ መጡ። መዝገቡን ገለበጥኩና፣

«ጥሩሰው ዓለምነው የምትባል አለች፤ ሰላም የምትባል የለችም» አልኳቸው።

«አንድ ናቸው እኮ ጌታው!»

«ለእርስዎ አንድ ናቸው፤ ለመዝገቡ ሁለት ናቸው። ፍርድ ቤት ያረጋግጥ።»

ፍርድ ቤቱ «ባለጉዳይዋ ራሷ ትቅረብ፤ አለዚያ ውክልና ትስጥ» አለ። ውክልናው የሚሰጠው ቆንስላው ዘንድ ነው። ቆንስላው ማንነቷ ካልተረጋገጠ ውክልና አያጸድቅም። ማንነቷን የምናረጋግጠው እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይወስን አንጽፍም። አዛውንቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ በዚህ ዞሩ።

የኔታ ነገሩን የሰሙ ዕለት ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው እስከ መስኮቴ መጡ። ያ የታፈነ ድምፃቸው ሲቆጡ እንደ ፉጨት ይወጣል።

«የአውድማ በሬ እንኳ እየዞረ ከእህሉ ይቀምሳል! እኒህን ሰው በባዶ አፍ ታዞሯቸዋላችሁ!»

ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለት ቀን ምንም አልጻፉም። በሦስተኛው ቀን አቶ ዓለምነውን ጠርተው፣ «የልጅዎን መብት ለጊዜው እንተወው፤ የእርስዎን እንጠይቅ» አሏቸው።

«የእኔን ምኑን የኔታ?»

«አባትነትዎን። ‹በዚህ ፓስፖርት ላይ ፎቶዋ ያለው ልጅ የእኔ ልጅ ናት፤ ይወሰንልኝ› ብለው ያመልክቱ። አባት ስለ አባትነቱ ሲናገር የልጁ ውክልና አያስፈልገውም።»

ደላላው የፓስፖርቱን ቅጂ አቶ ዓለምነው ቤት ትቶት ነበርና የኔታ እሱን አያይዘው ጻፉ። ፍርድ ቤቱም ተቀበለ። በችሎቱ ቀን እኔም መዝገቡን ይዤ ቀረብኩ። ምስክሯ የጥሩሰው የክርስትና እናት ነበሩ። ዳኛው ቅጂውን ሲሰጧቸው አሮጊቷ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ የልጅቱን ግንባር በጣታቸው ነክተው፣

«ይችን መስቀል ያስነቀስኳት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ስታለቅስ እጄን ነክሳኛለች። ሰላም በሏት ሌላ በሏት፤ ልጄ ጥሩሰው ናት» አሉ።

ዳኛው ሌላ ምስክር አልጠሩም። ውሳኔው በዚያው ሳምንት ተጻፈ።

አሁን የቀረው ለቆንስላው በሚላከው ማረጋገጫ ላይ የእኔ ፊርማና ማህተም ነበር። እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር። «ማህተም የያዘው ኃላፊ ስልጠና ላይ ነው» አልኩ። ኃላፊው እውነትም ስልጠና ሄደው ነበር፤ ማህተሙን ግን ለእኔ አስረክበውኛል፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በሐሰት ስም የወጣ ፓስፖርት ጉዳይ ላይ ፊርማዬ እንዳይገኝ ፈርቼ ነው።

የኔታ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፋችን ላይ ቁጭ አሉ። ተነሡ ቢሏቸው አይነሡ፤ ወንበር ይምጣልዎ ቢሏቸው እንቢ። ባለጉዳይ ሁሉ እየተሻገራቸው ገባ ወጣ። በማግስቱም እዚያው አገኘኋቸው። ወጥቼ፣

«የኔታ፣ እባክዎ፤ ሕጉ ነው እኮ» አልኩ።

«የትኛው ሕግ? ቁጥሩን ንገረኝና ልነሣ።»

ወደ ውስጥ ልመለስ ዞርኩ።

«እኔ የድጓ መምህር ነኝ፤ የተዛነፈ ዜማ በጆሮዬ እለያለሁ። ፈርተሃል። ፍራ ልጄ፤ መፍራት ነውር አይደለም። ግን በአንተ ፍርሃት ሌላ ሰው አይታሰር።»

ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ወረቀቱን ሳወጣላቸው ምስጋና ጠብቄ ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበቡትና፣ «ቀን የለውም። ቀን የሌለው ወረቀት ከቆንስላው ይመለሳል። ጻፍበት» አሉኝ።

ጥሩሰው በክረምቱ መግቢያ አገሯ ገባች። የኔታ ከአባቷ ጋር እስከ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄደው ከአውቶቡስ ሲያወርዷት አባትየው ጫማዋን ጫማዋን ያያሉ። ደመወዟ ግን አብሯት አልመጣም። በቆንስላው በኩል ስንጠይቅ ከዚያ አገር «እዚሁ ተገኝታ ትክሰስ፤ አለዚያ ጠበቃ ታቁም» ተባለ። እንዳትገኝ ከአገሩ አስወጥተዋታል፤ ጠበቃ እንዳታቆም ደመወዟን ይዘውባታል። የኔታ ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ለቆንስላው ደብዳቤ ጻፉ። «ደርሶናል» የሚል መልስ እንኳ አልመጣም። «ይተዉት» ስላቸው፣ «እኔ ድጓ ስማር ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ መሰልቸትን ያኔ ጨርሻለሁ። እነሱ ይሰልቹ» ይሉኝ ነበር። የመጨረሻው ረቂቅ ከነስርዝ ድልዙ ጠረጴዛቸው ላይ ተገኘ።

የኔታ፣ በሕይወት ሳሉ ይቅርታ ልጠይቅዎ ስንት ጊዜ አስቤ ስንት ጊዜ አፈርኩ። አሁን እጠይቅዎታለሁ። ጥሩሰው አሁን ከምትኖርበት ከንፋስ መውጫ መጥታ ቀብርዎ ላይ ተገኝታለች፤ በማግስቱ ተቀምጠን ረቂቅዎን በንጹሕ ገለበጥነው። አንድ ቦታ ላይ «በትሕትና እናሳስባለን» ይላል። ‹በትሕትና› የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዘው ሁለት ጊዜ መልሰው ጽፈውታል። እኔ እንዳለ ልተወው አልኩ። ጥሩሰው ግን ብዕሩን ከእጄ ወስዳ ሰረዘችው። «ሠርቼበታለሁ፤ አልለምነውም» አለች። ደብዳቤው እንደዚያው ሄዷል። የሚቆጡን አይመስለኝም። ደኅና ይረፉ፣ የኔታ።