የፋቅኋቸው መስኮቶች

ሰሞኑን ከአስኮ በታክሲ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ አዲስ የቆመ የመስታወት ፎቅ አይታ «ውይ ሲያምር!» አለች። «እስቲ ውስጡ የሚቀቀለውን ጠይቂው!» ብዬ ጮህኩባት። ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች? እኔ የተናደድኩት ገና እሷ ሳትወለድ ነው።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ድራፍቲንግ፣ የሕንፃ ንድፍ መሳል፣ ተምሬ ፒያሳ አንድ መሐንዲስ ቢሮ ተቀጠርኩ። ክረምት ሲሆን የኮልፌን ጭቃ በቦቲ እሻገርና ቢሮ ስደርስ ጫማ እቀይራለሁ። አንድ ፊታውራሪ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ባለ ሰባት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ አዘዙን። የታይፒስቶቹ ክፍል ወደ ምዕራብ የሚያይ ነበር። የምዕራብን ፀሐይ ማን ይንገረኝ! የአባቴ ሱቅ ወደዚያው ዞሮ፣ በጋ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምንሸጠው ቅቤ ቀልጦ ይፈስ ነበር። ስለዚህ የሚከፈቱ መስኮቶች ሳልኩ፤ በየላያቸውም ጥላ አደረግሁ። አለቃዬ አይተው «ጎበዝ! ማሰብ ማለት ይሄ ነው» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪው ንድፉን ሊያዩ መጡ።

«ይሄ ምንድን ነው? የዶሮ ቤት አደረጋችሁት እኮ! ከዳር እዳር መስታወት ብቻ ነው የምፈልገው።»

«እንዳሉ፣ ጌታዬ» አሉ አለቃዬ። ያ የጠዋቱ አድናቂዬ! ወደኔ ዞረው «ፋቂው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ታይፒስቶቹ ይታፈናሉ።»

«ፋቂው አልኩሽ!»

ያኔ በቀለም የተሳለ ንድፍ የሚታረመው በምላጭ ነበር፣ ትንፋሽን ይዞ፣ ቀስ ተብሎ። ትንሽ ጫን ብል ወረቀቱ ይቀደድ ነበር። አልቀደድኩትም። መስኮቶቹን አንድ በአንድ፣ አሳምሬ ፋቅኋቸው። «እጅሽ ይባረክ» ተባልኩ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሕንፃው አልቆ ጎረቤታችን ዘይነባ እዚያ ታይፒስት ሆና ገባች። ታናናሾቿን የምታሳድገው በዚያ ደመወዝ ነበር። ፀሐዩ ሲያቃጥላት መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ለጠፈች፤ ፊታውራሪው ከውጭ አይተው «ሕንፃዬን አበላሸችው» ብለው አስነሱት። ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወደቀች። በሦስተኛው አሰናበቷት።

በቀጥታ እኛ ቤት መጣች። እናቴ ያቀረበችላትን ቆሎ ሳትነካ እያለቀሰች፣ «ወላሂ፣ ያንን ቤት የሳለውን እጁን ይቁረጠው!» አለች። የትኛውን ሕንፃ እንደምስል ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ፊታውራሪውንም አለቃዬንም ስረግም ኖሬያለሁ፤ ይገባቸዋል! ዘይነባ ግን ዛሬም ጎረቤቴ ናት። ለዒድም ለገናም እንጠራራለን፣ ስታመም ቀድማ የምትደርስልኝ እሷ ናት። ያንን ቤት ማን እንደሳለው እስካሁን አልነገርኳትም።