የተበላ ዳገት

አሰልጣኝ ልሁን ብዬ ስጠይቅ የብስክሌት ክለባችን ኃላፊ ሳቀብኝ። «አንቺ እኮ ሁሌም መጨረሻ ነው የምትገቢው፤ ምኑን ልታሠለጥኚ ነው?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አንድም ውድድር አሸንፌ አላውቅም። ግን በልምምድ ቀን ከተበላ ከተማ ወደ ሶዶ የሚያመጣውን ዳገት ባለሜዳሊያዎቹ የአይሱዙ ጭነት መኪና ኋላ ይዘው እየተጎተቱ ሲወጡት፣ እኔ በገዛ እግሬ ነው የወጣሁት። እግር የቱ ጋ እንደሚከዳ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ማንንም ሳላስፈቅድ አምስት ሴቶች ሰብስቤ ማሠልጠን ጀመርኩ። ሕጌ አንድ ነው፤ መኪና የያዘች ወደ ቤቷ!

ባለፈው ቅዳሜ ያው ኃላፊ ዳገቱ ላይ በፒካፑ ደረሰብንና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ያዙ፣ ልጎትታችሁ!» አለ።

አንዷም እጇን ከመሪው አላነሳችም።