በምራን የተሰቀለው ስፒከር

እህቴ ከዐረብ አገር ስትመለስ ከሻንጣዋ አስቀድማ ያስወረደችው ሁለት ትልልቅ ስፒከር ነበር። እዚያ ሳለች ስትታመም የተሳለችው ስለት ነው፤ ጋፋት አጠገብ ላለችው ደብራችን፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ካርቶናቸው ሳይከፈት ሰኔ ገባ፤ እሷም በሰኔ አረፈች።

አባታችን «ለአርባዋ መሰቀል አለባቸው» አሉ። ደብረ ታቦር ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ፈቃድ ወስጄ ስደርስ ሥራውን ጨርሰው መሰላሉ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ስፒከሮቹ ከኮርኒሱ በላይ ካለው የጣራው ወራጅ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳው ተጠግተው ተንጠልጥለዋል። የያዛቸው ግን ሰንሰለት አይደለም፤ ምራን ነው፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው የበሬ ቆዳ። ራሳቸው ፍቀው፣ ራሳቸው አልፍተው፣ ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ደራርበውታል።

«እንዴት ነው?» አሉኝ። ከቀብሩ ወዲህ ፊታቸው ፈታ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔ ካርቶኑ ውስጥ የቀረውን መመሪያ አንስቼ ማንበብ ጀመርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እህቴ ሰው ቤት እየሠራች ነው ያስተማረችኝ። በዚያ ምክንያት ይሁን አላውቅም፣ የተጻፈ ነገር ከጀመርሁ ሳልጨርስ አልተወውም። መመሪያው ስፒከሩ በብረት ይንጠልጠል፣ ዋናው ማሰሪያ ቢበጠስ የሚይዘው ሁለተኛ ማሰሪያም ለብቻው ይታሰር ይላል።

«አባባ፣ ይኼ መውረድ አለበት።»

«ለምን ሲባል?»

«ቆዳ ነዋ! በሐምሌ ጉሙ በመስኮት እየገባ ያረጥበዋል፤ ሲርስ ይላላል። ሥሩ ደግሞ ሕፃናት ናቸው የሚቀመጡት።»

«ኧረግ! ስለ ምራን እኔን ልታስተምሪኝ? ሁለት በሬ ያልበጠሰውን!»

መሰላሉን የያዙት ሽማግሌ ጎረቤታችን ሳቁ። «ተዋት እባክህ፣» አሉ ለአባቴ፤ «መጽሐፏ ላይ በሬ የለም።»

«ማሳ ላይ ሲላላ በሬዎቹን አቁመው ያጠብቁታል፣» አልሁ። «እዚህ ማን ቀና ብሎ ያየዋል?»

እኔም እርሳሴን አውጥቼ፣ መሰላሉ ላይ ወጥቼ፣ በስፒከሮቹ ግርጌ ልክ ግድግዳው ላይ መስመር አሰመርሁ።

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ነበር። የግራው ስፒከር ከመስመሩ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። አባቴ ወጥተው ጣታቸውን በክፍተቱ ላይ አኖሩ። ልረዳቸው ስጠጋ «ቆይ» አሉኝ። ቋጠሮው ርሶ አልፈታ ስላላቸው ቢላዋ ተቀብለውኝ ቆረጡት፤ ስፒከሩንም እንደ ታመመ ሰው አቅፈው ወረዱ።

ከከተማ ሰንሰለትና ብሎን ገዛሁ፤ ባለሙያም አመጣሁ። ለሁለቱም ስፒከር ወራጁን በስቶ፣ ብሎኑን በዳዶ አጥብቆ፣ ሁለተኛውን የብረት ገመድ ለብቻው አሰረ። እያንዳንዷን ነገር ከመመሪያው ጋር እያስተያየሁ አሳለፍሁ። ልንወርድ ስንል አባቴ የተቆረጠውን ምራን ይዘው መጡ።

«ይቺ ከጎኑ ትሁንልኝ። ምንም አትሸከምም። እንዲያው ለኔ።»

«አይሆንም አባባ። ሥራ የሌለው ነገር እዚያ ላይ አይንጠለጠልም።»

«እሺ» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቁኝ።

ያን ማታ መመሪያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልሼ አነበብሁት። ክብደት የማይሸከም ቁራጭ ቆዳ ከጎኑ እንዳይታሰር የሚከለክል አንድም ቃል የለውም።

የአርባዋ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ክርክራችንን ከጎረቤታችን የሰማ ሕዝብ ግን ከስፒከሮቹ ሥር ያሉትን አግዳሚዎች ባዶ ትቷቸዋል። አባቴ በረንዳው ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ይግቡ እንጂ አባባ።»

«ከዚህም ይሰማል።»

«ብርዱ…»

«ግቢ አንቺ። ይጀምራሉ።»

ገባሁና ሰው እንዳይፈራ ብዬ በግራው ስፒከር ሥር ብቻዬን ተቀመጥሁ። የእህቴ የክርስትና ስም ሲጠራ ድምፁ አዳራሹን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ። ቀስ በቀስ ሴቶቹ፣ ከዚያም ልጆቹ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ግን ፍትሐቱ እስኪያልቅ ወደ ላይ አንዴም ቀና አላልሁም። የማየው በሩን ነበር።